ስለ ሦስት ጎማ ከአራት ጎማ የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህም ከሰማው ስማ!

እኛ በመቱ መናኸሪያ ተራችንን ጠብቀን፣ ወንበራችን እስኪሞላ ድረስ ሞተራችንን አጥፍተን በትዕግሥተ ኢዮብ የምንቀመጥ፣ ከጎሬ እስከ ሁሩሙ፣ ከሁሩሙም እስከ ያዩ የአዳምን ልጅ ከነዶሮውና ከነጆንያው የምናመላልስ ባለ አራት ጎማዎች፣ በረዳቶቻችን ምክርና በተራ አስከባሪዎቻችን ፈቃድ ተሰብስበን ይህን አዋጅ አውጥተናል።

የምድሪቱ ሥርዓት ቀድሞ የታወቀ ነበረ። በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ጀርባ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ባሮ በሞላ ጊዜም በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተሰደዱ ጊዜ ጎሬ በልዑል ራስ እምሩ መሪነት የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ለመሆን በቅታለች። በዚህ ሁሉ የደከመችው በቅሎ አራት እግር እንጂ ሦስት እግር እንዳልነበራት ታሪክ ይመሰክራል። (እኛ በመጣን ጊዜ ያቺው በቅሎ ከመንገድ ስለ መውጣቷ የሚነሣ ነገር አለ፤ ነገር ግን ያ የሥልጣኔ ጉዳይ ስለ ሆነ ከአሁኑ ክርክር ጋር አይገናኝም።)

ይእዜኒ ከህንድ አገር የመጣ፣ ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው፣ ስሙንም ከሠሪው ኩባንያ ወርሶ ባጃጅ የተባለ ፍጥረት በጎዳናችን ላይ ተነሥቷል። ተራ አያውቅም፤ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ አንዲት ባልቴት ዝናብ ሸሽታ ከሱቅ ጥግ ቆማ ባየ ጊዜ፣ ጭቃውን ሰንጥቆ እስከ ደጃፏ ያደርሳታል። ሰውን እስከ ደጃፉ ማድረስ ምን ያህል ስንፍናን እንደሚያስተምር አስተውሉ! አባቶቻችን ከአስፋልቱ ወርደው የቀረውን ዳገት በእግራቸው ሲወጡ ጉልበታቸው የጸና ነበረ።

የባጃጅ ነጂዎች ግን በቁጥር ትርጓሜ ሊረቱን ተነሡ። እናት ድስቷን የምትጥደው በሦስት ጉልቻ አይደለምን? አሉ፤ በቡና አገር ተወልዳችሁ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት መሆኑን እንዴት ዘነጋችሁ? አሉ፤ ከዚያም አልፈው ወደ ምሥጢረ ሥላሴ ሊገቡ ሲሉ ደንግጠን አስቆምናቸው። እኛም መለስን፦ መንበረ ጸባኦትን የሚሸከሙት አርባዕቱ እንስሳ ናቸው፤ ከገነት የሚወጡት አፍላጋት አራት፣ ወንጌላውያኑም አራት ናቸው፤ ሕዝቅኤል ያየው መንኰራኵርም አራት እንጂ ሦስት አልነበረም። ስለ ጉልቻው የሆነ እንደ ሆነ፣ ድስት ተጥዶ ይቀመጣል እንጂ አይሄድም። ይህን ባልን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ፣ «የእናንተስ መኪና መቼ ይሄዳል?» ብሎ ስለ ጠየቀ ጉባኤው በሁከት ተፈታ።

ስለዚህ የመናገሻ ከተማይቱን ፈለግ ልንከተል ወደድን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌቶች ላይ እገዳ ጣለች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባጃጆችን ከሥራ አገደች። ጥቂት ሰንብታ ከዋና ጎዳና ርቀው እንዲሠሩ መፍቀዷን በዚህ አዋጅ ውስጥ መጻፍ አላስፈለገንም።

ከእንግዲህ ወዲህ ማናቸውም ባጃጅ 12 ተሳፋሪ ሳይሞላ ከቆመበት እንዳይነቃነቅ፤ ወንበሩ ለሦስት ሰው ብቻ የተሠራ መሆኑም ምክንያት አይሆንለትም። ወደ ውስጥ መንደር መግባት የተፈቀደለት ጭቃው እስኪደርቅ ብቻ ነው፤ እኛ በዚያ ስለማንገባ ክብራችን አይነካም። በዚህ አገር ጭቃ የሚደርቅበት ወር በጣት የሚቈጠር መሆኑን ያመለከተ አንድ አባል ነበር፤ ንግግሩ ከቃለ ጉባኤው ተሰርዟል።

አዋጁ በከተማይቱ ሁሉ ይነገር ዘንድ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ይዞ ከጧቱ በ2 ሰዓት ተልኳል። እስከ 4 ሰዓት ድረስ በሚኒባሳችን ውስጥ ቀሪዎቹ ወንበሮች እስኪሞሉ ሲጠባበቅ ስለ ቈየ፣ ኋላ ለባጃጅ ኮንትራት የከፈለው ሒሳብ፣ ደረሰኝ ባያቀርብም፣ ከማኅበራችን ሣጥን እንዲተካለት ተወስኗል።