የመካሪው መካሪ

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላል። መካሪውን ማን ይምከረው ሲባል ግን ተረቱም ዝም።

የቪየናውን የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድን እንውሰድ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲጽፍ፣ ሐኪሙ ለታካሚው እንደ መስተዋት ይሁን፣ የራሱን ገመና አያሳይ አለ። ግሩም ምክር! ታዲያ በ1918 ሶፋው ላይ አጋድሞ ምስጢሯን ማዳመጥ የጀመረው የገዛ ልጁን የአናን ነበር። ልጅቱ «አባቴ አስመረረኝ» ብትል፣ አቤቱታ ሰሚውም ተከሳሹም ያው አባቷ። ከቀጠሮ ብትቀርም እራት ላይ መገናኘታቸው አይቀርም፤ መኖሪያውና መሥሪያው አንድ ፎቅ ላይ ነበሩና።

ሱስንም ቢሆን መርምሮታል። በ1905 የአዋቂ ሰው ማጨስ ሥሩ የሕፃንነት የአፍ ደስታ ነው ብሎ ጻፈ፤ እሱ ራሱ በቀን ወደ 20 ሲጋር እያቦነነ። በ1923 የአፍ ካንሰር ተገኘበት። ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሲጋሩን ግን እርግፍ አድርጎ መተው አልሆነለትም።

በሰዓት እየከፈላችሁ የችግራችሁን ሥር የምታስቆፍሩ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፦ ሥሩ ከተገኘም በኋላ ጢሱ ሊቀጥል ይችላል። ሒሳቡም እንደዚያው።