ስታይፔንድ ጨርሶ ሜዳ ላይ የመቅረት መመሪያ

ለሕክምና ምርምር ተማሪ የሚሰጥ ድጋፍ ሁለት ክፍል አለው፤ በየወሩ የሚከፈለው ስታይፔንድና ሲታመም የሚያሳክመው ሽፋን። ሁለቱም የሚያበቁት ውሉ ላይ በተጻፈው ቀን ነው። ምርምሩ ግን፣ በተለይ ደቡብ ኦሞ ወይጦ ቆላ ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ የሚያበቃው ዝናብ፣ ደብዳቤና በሽታ ሲፈቅዱ ነው። በዚህ መካከል ባዶ እጅ ለመቅረት ልዩ ችሎታ አያስፈልግም፤ ጥቂት እርምጃዎችን በትጋት መከተል ይበቃል።

የመጀመሪያው እርምጃ የውሉን ማብቂያ ቀን አለማየት ነው። ማየት ግድ ከሆነ በችኮላ ይሁን። የውጭ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ውል «ዲሴምበር 31» ሲል ታኅሣሥ ወሩን ሙሉ እንደሚከፈለው የሚያስብ ተማሪ፣ ቀኑ በብዙ ዓመት የሚውለው ታኅሣሥ 22 ስለሆነ፣ የቀረውን ሳምንት በነጻ ያገለግላል። በመንግሥት በጀት የሚማረው ደግሞ ሰኔ 30ን አለማስታወስ አለበት። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሂሳብ ክፍል ደጋግሞ በሚደውልበት ሰሞን ኔትወርክ በማይዝ ቀበሌ መገኘት እጅግ ይመከራል።

ቀጥሎ የጊዜ ሰሌዳው ይወጣል። ሰሌዳውን አዲስ አበባ ላይ ሆኖ፣ ዝናብ ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው በሚል እምነት መሙላት ይገባል። በዚህ ስሌት ናሙና የሚሰበሰበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይሆናል፤ የደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለውም ያኔ ነው። ደረቅ የነበረው አሸዋ ወንዝ ሲሞላ መኪናው ማዶ፣ ተማሪው ወዲህ ይቀራል፤ ስታይፔንዱ ግን ጎርፍ አይቶ አይቆምም፣ መቁጠሩን ይቀጥላል።

ደብዳቤም አለ። የትብብር ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ በና ፀማይ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን መጀመር ጊዜ ለማባከን የታወቀ ዘዴ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት በቀድሞው ክልል ማኅተም የመጣ ወረቀት እንደገና መጻፍ ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

ገንዘቡን በፍጥነት ለማስቆም ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሂሳብ አለማወራረድ ነው። ቅድሚያ የተወሰደ የመስክ ገንዘብ ካልተወራረደ ቀጣዩ አይለቀቅም። መስኩ ለዚህ እጅግ ምቹ ነው። ሐሙስ ለቀይ አፈር ገበያ ከመጣ ባለሞተር ደረሰኝ አይገኝም፤ ፀማይኛ የሚያስተረጉመው ጎረምሳም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። ጠንቃቃ ሰው ለዚህ ብሎ የክፍያ ቅጽ ይዞ ይሄዳል፣ ስም ያስጽፋል፣ ያስፈርማል፤ መፈረም ለማይችለውም የጣት አሻራ ያስነሣል። ይህን መመሪያ የሚከተል ግን ገንዘቡን በእጁ ሰጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ተብሎ ይመለሳል። ፋይናንስ ክፍል ምርቃት አይመዘግብም።

አሁን ወደ ሕመሙ። የሰገንና የወይጦ ሸለቆዎች ካላዛር የተባለው በሽታ ከቆየባቸው የኢትዮጵያ ቆላዎች ውስጥ ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በደቡቡ በኩል ከኩይሳ ጋር የተቆራኘች ናት፤ ቀን ቀን በምስጡ ቤት ቀዳዳ ተደብቃ፣ ሲመሽ ትወጣለች። ስለዚህ ማምሻውን ኩይሳ አጠገብ በቁምጣ መቀመጥ፣ አጎበሩን ጂንካ ሆቴል ረስቶ መምጣት ይጠቅማል። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ያልፋል። እዚህ ላይ የመመሪያው ጥበብ ይታያል፤ የተነከሰው ሽፋን ያለው ተማሪ ነው፣ የሚታመመው ሽፋን የሌለው ሰው ነው። ትኩሳቱ ሲጀምር ወባ ነው ብሎ ኮአርተም መዋጥ፣ ሲመለስ ደግሞ መዋጥ፣ ሆዱ በጣፊያ እስኪነፋና ቀበቶው እስኪጠበው መጠበቅ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ካላዛር ሊሆን እንደሚችል ተማሪው ራሱ ፕሮፖዛሉ ላይ ጽፎታል፤ ማንበብ የለበትም። መድኃኒቱ በነጻ ነው ብሎ መጽናናት ይቻላል፤ ለ17 ቀን በየዕለቱ መርፌ ሲወጋ አርባ ምንጭ የሚበላውና አስታማሚው የሚያድርበት ግን በነጻ አይደለም።

የመድኑ ነገር አጭር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የታሰበው ለገጠር ነዋሪና ከመደበኛ ቅጥር ውጭ ላለ ቤተሰብ ነው፤ መዋጮውም በየዓመቱ ይታደሳል። ለደመወዝተኛው የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሲንከባለል ቆይቷል። ተማሪው የቀበሌው አባወራ አይደለም፣ ስታይፔንዱም ደመወዝ አይባልም። ከሁለቱም ውጭ መሆኑን ሳይታመም ማወቅ መመሪያውን ያበላሻል፤ የተማሪ መታወቂያው ሲያበቃ የግቢው ክሊኒክ በር ላይ ቢነገረው ይሻላል።

ለጋሽ አይሄድም ብሎ ማመንም የግድ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የደገፈው ሜፒ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ አምስት ዓመቱን ሲሞላ አበቃ። ያ እንኳ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ በኢትዮጵያ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የብሔራዊ ጤና ተቋማቱ የሥልጠና ስታይፔንድ ለዶክትሬት ተማሪ አምስት ዓመት፣ ሕክምናና ዶክትሬት አጣምሮ ለሚማር ስድስት ዓመት ወሰን አለው። ሌላ ምንጭ ፍለጋ ማመልከቻ መጻፍ የሚጀመረው የመጨረሻው ክፍያ ከገባ በኋላ እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ዝምታ ነው። ማራዘሚያ በጽሑፍ አለመጠየቅ፣ ለአማካሪው አለመደወል፣ ወደላከው መሥሪያ ቤት ብቅ አለማለት። የትምህርት ውሉ ላይ ዋስ ሆኖ የፈረመ የሥራ ባልደረባ አለ፤ ለእሱም አለመናገር ይገባል። ጉዳዩን አንድ ወር ደመወዙ ተቆርጦ ሲደርሰው፣ ከሰው ሀብት አስተዳደር በሚጻፍለት ደብዳቤ ይረዳዋል።