የሁሩታው ጓዳ

ለእጅ መሣሪያ ብቻ የቆመ ሙዚየም በዓለም ላይ እንዳለ ካወቅሁ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሏል። ሄንሪ መርሰር የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆች 1897 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የፋብሪካ ዕቃ መጥቶ ያስጣላቸውን መሣሪያዎች መልቀም ጀመረ። በ1916 ደግሞ ዶይልስታውን ላይ ባሠራው የኮንክሪት ሕንፃ፣ ጋሪና ጀልባ ሳይቀር ከጣሪያ አንጠልጥሎ ለሕዝብ አሳየ። ጃፓኖችም በ1984 ኮቤ ከተማ ላይ የአናጢ መሣሪያ ሙዚየም አቁመዋል። ሰው መሮና መላጊያ ልይ ብሎ ከቤቱ ተነሥቶ የሚሄድበት ቤት!

እኛም ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለን። የአገሬው የኑሮ ዕቃ ተሰብስቦ ይታይበታል፤ በገባሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን ለማረሻ፣ ለማጭድና ለመዶሻ ብቻ የሚሆን ቤት ቢሠራ ቦታው አርሲ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የእጅ መሣሪያ ቀድሞ ሥራ የፈታው እዚያ ነዋ። በሁሩታና በኢተያ የስንዴ ማሳ ኮምባይነር ከገባ ወዲህ ደቦ የሚጠራ፣ ማጭድ የሚስል ሰው ቀንሷል።

ይህንኑ በዓይኔ ልይ ብዬ በክረምት ከአዳማ ተነሣሁ። ደራን አልፈን፣ ከኢተያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ሁሩታ ስንደርስ ጭላሎ ደመና ለብሶ ጫፉ አይታይም። ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ገጠር መንገድ እንደገባን ዝናቡ ወረደ፤ መኪናችንም ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰጠመች። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ይብሳል። ስልክ ብንሞክር የሚያነሣ የለም።

የደረሱልን አጠገባችን ያርሱ የነበሩ አዛውንትና ልጆቻቸው ናቸው። ልጆቹ በዶማ ጭቃውን ከጎማው ሥር ማሱ፣ በፋስ ቅርንጫፍ ቆርጠው ነሰነሱበት። አዛውንቱ ሞፈሩን ከቀንበሩ ፈትተው፣ በሞፈሩ ቦታ መጫኛ አስገብተው ከመኪናዋ ጋር አሰሩት። «እናንተ ግፉ፤ በሬዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ» አሉ። አናገሯቸውም። አንዱን በስሙ፣ ሌላውን በቁጣ፣ ሁለቱንም በኦሮምኛ። መኪናዋ ወጣች፤ እኛ ግን ከራስ ፀጉራችን እስከ እግራችን ጭቃ ሆነን ነበር።

«ግቡ እንጂ ልጄ፣ በዚህ ብርድ የት ትሄዳላችሁ?» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። እሳት ዳር ተቀምጬ ቀና ስል ጓዳው ግድግዳ ላይ ያየሁት አስነሣኝ። ጥርሱ ያለቀ ማጭድ፣ ሁለት መንሽ፣ እጀታው ከመዳፍ ብዛት የለሰለሰ ላይዳ፣ ጠርዙ የተበላ ማረሻ ከነወገሉ፣ የአባታቸው እርፍ። ከሥር የባለቤታቸው እናት ወፍጮ ከነመጁ፤ ድንጋዩ መሐሉ ጎድጉዶ የስንት ዓመት እህል እንዳለፈበት ያሳያል። ከዚያ ወዲያ ልብሴ ይድረቅ አይድረቅ ትዝ አላለኝም።

«አባባ፣ እንዴት ይህን ሁሉ አቆዩት?» አልኩ።

«ማን ይጥለዋል? የሠራው ሰው እኮ አለበት» አሉኝ።

ማረሻውን አውርደው አስያዙኝ። ብረቱ ሲያልቅ ቀጥቃጭ ዘንድ እንደሚወሰድና በእሳት እንደሚሳል፣ ሁለቱ ድግሮች አፈሩን ግራና ቀኝ እንደሚገፉት፣ የሚጠልቀውንም የሚወስነው እርፉን የጫነው እጅ መሆኑን አሳዩኝ። ቀጥቃጩ ያሉት ሰው ሞቷል፤ ልጁም ወናፉን ትቶ ከተማ ገብቷል። እዚህ ላይ ሆዴ ተቃጠለ። በመላው አገራችን፣ አርሲ ላይም ቱምቱ በሚባሉት ቀጥቃጮች ላይ፣ የበላንበትን ማረሻ የሠራልንን ሰው ስንንቅ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። መሣሪያው በመስተዋት ተቀምጦ የሠሪው ስም ካልተጻፈበት ያው ንቀት ቀጠለ ማለት ነው።

አዛውንቱ የካዱን ዘመንም ያስታውሳሉ። በፈረንጆች 1967 በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አምጥቷል፤ አዳዲስ ማረሻም ሞክሯል። ገበሬው ዘሩንና ማዳበሪያውን ሲወስድ በማረሻው ብዙም አልተሳበም። «አፈር ይገለብጣል፣ ጥሩ ነው። ግን ይከብዳል። የኛን ማታ በትከሻ ተሸክመህ ትገባለህ፤ ሲሰበር እዚሁ ትጠግናለህ» አሉኝ። ያኔ ትራክተር የገዙ ባለመሬቶች ብዙ ጭሰኛ አፈናቅለዋልና፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የማን መሬት ላይ ነው ብሎ መጠየቅ ለሳቸው ትውልድ ተራ ጥንቃቄ ነበር። ኮምባይነሩን ግን አይጠሉትም። ወገባቸውን አሳርፎላቸዋል።

ሲመሽ ላይዳውን እንዲሸጡልኝ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳገቷ ላይ ያለችውን የገብስ ማሳዬን ኮምባይነር አይደፍራትም። አሁንም በበሬ አበራያለሁ፣ በዚህችው ለነፋስ እሰጣለሁ። ታኅሣሥ ላይ ና፣ አንተው ትይዛታለህ።» ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው፣ የዚያን ጊዜ ቀጥቃጩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አውድማው ላይ እንደማይጠፉ ነገሩኝ። እሄዳለሁ። የድምፅ መቅረጫ እይዛለሁ፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ከየትኛው እንጨት እንደተጠረበ፣ ማን እንደሠራው አስነግሬ እቀዳለሁ፤ የቀጥቃጩን ስም ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ።