የቁልቁለት ኤሌክትሪክ፦ ከሮቤ እስከ ሪራ የተደረገ ጥናት

ስለ ባሌ ብዙ ተጽፏል። ስለ ስንዴው፣ ስለ ቀይ ቀበሮው፣ ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ የተጻፉት ጥናቶች መደርደሪያ ይሞላሉ። በየማለዳው የሚደገም አንድ ክስተት ግን እስካሁን የምሁራንን ዓይን አልሳበም፤ ይኸውም በታኅሣሥ ውርጭ አልነሳ ያለን አይሱዙ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከኋላ ሆነው ሲገፉ ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተነሣ። መኪናው ግን አልተነሣም።

የጥናቱ ናሙና አንድ የጭነት መኪናና አንድ ጓደኛ ነው። ዕቅዱ ከሮቤ ተነሥቶ በጎባና በሳነቴ በኩል ደሎ መና ወርዶ ቡና መጫን ነበር። ጓደኛዬ ባለንብረትም ሾፌርም ነው፤ በራሱ ምስክርነት ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ነው። ለዚህኛው ሙያው የሚያቀርበው ማስረጃ አንድ ፒንሳና አንድ ጥቅል ጥቁር ፕላስተር ነው። ጥናቱ ማስረጃውን ተቀብሎ አልፏል።

አስቀድሞ ንድፈ ሐሳቡ። መኪናው በ24 ቮልት ስለሚሠራ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ይታሰራል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ብዙ ተሻሽሏል፤ አንድ ጠባዩን ግን አልተወም፤ ሲበርደው ይሰንፋል። በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል። በዚያው ሌሊት የሞተሩ ዘይትም ወፍሮ ያድራል። እንግዲህ ሞተሪኖው አብዝቶ የሚለምነው ባትሪው አሳንሶ በሚሰጥበት ማለዳ ነው። ናፍጣ ደግሞ ተጨምቆ በጋለ አየር እንጂ በብልጭታ አይቀጣጠልም፤ ውርጭ ያደረበትን አየር ማጋል ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወድቃል። ጓደኛዬ የለወጠው አንዱን ብቻ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ያኛው ገና ይሠራል» ሲል መልሷል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት። ባትሪው የደከመ መኪና ቁልቁለት ላይ ተንከባልሎ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶለት፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ይነሣል። ስለሆነም ቁልቁለት የኃይል ምንጭ ነው፤ ከውኃና ከነፋስ ተለይቶ የሚታይበት ምክንያት የለም። ሀብቱ ግን እኩል አልተከፋፈለም። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሲናና ስንዴ በሚዘረጋበት ሜዳ ተቀምጣለች። ሜዳው ለኮምባይነር የተመቸ ነው፤ ላልተነሣ አይሱዙ ግን ምንም አያደርግለትም። ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ወደ ተራራው ዘንበል ብላለች። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ የዛሬው የባሌ ዞን ዋና ከተማ ሮቤ ናት። መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ሮቤ ሲወርዱ ቁልቁለቱን ጎባ ላይ ትተውት መውረዳቸውን ልብ ያለ የታሪክ ጸሐፊ አላጋጠመኝም።

ሮቤ ላይ የቁልቁለት ምትክ ሰው ነው። ገፊ አይጠራም፣ ራሱ ይመጣል፤ ሲመጣም ከነምርመራው ነው። የባጃጅ ሾፌሩ «ካንዴላው ነው» አለ፤ ባጃጅ ሲቆም ካንዴላው ነውና። ጎሚስታው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ረግጦ ካየ በኋላ ዝም አለ። አንድ ነጋዴ «ናፍጣው ውኃ አለበት» ብሎ የቀጂውን ሃይማኖት ጠረጠረ። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኦምን ሕግ ጠቅሶ፣ የሆነ ቦታ የላላ እስር እንዳለና ኤሌክትሪኩ እዚያ እንደሚታነቅ አስረዳ። የሚገፋው በአንድ እጁ ስለነበር የሰማው የለም። በፈረስ የሚያልፉ አንድ አዛውንት ቆመው «ራኮ ሂን ቀቡ»፣ ችግር የለም፣ ብለው አጽናኑን። ፈረሳቸው በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ።

ከዚህ የተገኘው ሕግ፦ በገፊው ኅብረተሰብ ዘንድ የብልሽቱ ምንጭ የሚወሰነው በመርማሪው የዕለት እንጀራ ሲሆን፣ የምርመራው ክብደት የሚለካው በሚገፋበት ጉልበት ነው።

መኪናው ተነሣ። ከዚህ በኋላ ሞተር አይጠፋም፤ ጎባ ላይ ቁርስ የተበላው ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ቡና የተጠጣውም እንዲሁ። በቡናው ላይ አንድ ዘመድ ተጨመረ፤ በዘመዱ ላይ ወግ። ሳነቴ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በዚያ በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከስድስት ዐሥረኛው እምብዛም አይበልጥም፤ ሞተሩም ሾፌሩም የሚተነፍሱት ይህንኑ ነው። ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች አንዱ የሆነው ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ ዳመናውን ተከናንቦ ቆሟል። ጓደኛዬ መብራት አበራ። መብራቱ ቀላ፣ ከዚያ ደበዘዘ፤ ፍሬቻው ሲታዘዝ ክላክሱ አጀበው፤ ቴፑ ብቻ ምንም እንዳልሆነ ዘፈኑን ቀጠለ። አንድ ቀይ ቀበሮ ከጅብራዎቹ መካከል ሆኖ ተመለከተን። በዓለም ላይ ያሉት 500 ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው የሚኖረው። ወደ ፍልፈሉ ተመለሰ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መንገዱ ላይ የቆሙ መኪኖችን አብሮ አልመዘገበም።

ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ያለው መንገድ ግን ጥርት ያለ ቁልቁለት ነው፤ ግኝቱ እንደገና ተረጋገጠ። ከፊት የሚሄድ መኪና የኋላ መብራቱን እንድንከተል ፈቀደልንና ቀስ እያልን ሪራ ገባን።

ምርመራው የተካሄደው ሪራ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ በእጅ ባትሪ ነው። ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ከደሙ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በባትሪው ራስ ላይ ባለችው አንዲት ብሎን ግን የቴፑ፣ የአምፕሊፋየሩ፣ ጋቢናውን የሚዞሩት አረንጓዴ መብራቶች፣ የስልክ ቻርጀሩና የማራገቢያው ሽቦ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለው ተንጠልጥለዋል። ማራገቢያው ለደሎ መና ቆላ የተገዛ ነው፤ ባሌን ያላየ ሰው እንዳይስቅ። ብሎኗ ነጭ አረንጓዴ ጨው አብቅላለች። ኔጌቲቩን ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ገመድም በጣት ይነቀነቃል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በክላክሱ በኩል መንገድ ፈለገ። የሻይ ቤቷ ባለቤት የፈላ ውኃ ሰጡን፤ ጨው ታጠበ፣ ብሎን ጠበቀ፣ ሪራ ደመቀች። ጓደኛዬ «እኔ እኮ ከመጀመሪያው ብዬ ነበር» አለ። በጥናቱ ማስታወሻ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አልተገኘም። ማራገቢያውን መልሶ ሲያስር ግን ተገኝቷል።

ሁለት ባትሪ ያላችሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለውጡ። በአንድ እጁ የሚገፋን ተማሪም ስሙት። እስከዚያው ድረስ፣ ሮቤ ጉዳይ ያለው ባለመኪና ጎባ ይደር።