ባለ ሦስት እግሯ ፍየል

የልጅ ልጄ አጠና ተራ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወርክሺት ገዝቶ መጣና «አባባ፣ ይቺ ፍየል እግሯ ሦስት ነው» አለኝ። መነጽሬን አደረግሁ። እንዴት አላውቃት! በ1984 ዓ.ም. ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ስቴንስል ላይ ስስላት አራተኛው እግር ላይ የተቀደደብኝ እኔ ነኝ።

«አምስት ፍየሎች ስንት እግር አላቸው?» ይላል ጥያቄው። በእኔ ክፍል ቆጥሮ 19 ያለም፣ አባዝቶ 20 ያለም ትክክል ይባልለት ነበር፤ የቀደድኩት እኔ፣ ልጅ ምን በወጣው? እዚህ መልሱ 20 ብቻ ነው። ፍየሏን ወሰዱ፣ ፍርዷን ተዉ።

ከግርጌ የነበረው ስሜ ተቆርጧል። በፍየሎቼ ሆድ ላይ የአንድ ቴሌግራም ቻናል ስም ተጋድሞ፣ ከሥሩ «ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» ይላል። ወይ ጉድ! ድሮ ከአየር ጤናም ከቤቴልም መምህራን እየመጡ ይወስዱ ነበር፤ የምጠይቃቸው ባዶ ወረቀት እንዲተኩልኝ ብቻ ነው።

ነገሩ ቢቆረቁረኝ ጠበቃ ጎረቤቴን አማከርኩ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንቀጽ 11ን አወጣልኝ፦ ታትሞ የወጣን ሥራ ለማስተማር በልኩ ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም፤ በተቻለ መጠን ግን ምንጩና የደራሲው ስም ይጠቀስ።

«ስሜስ የታለ? ደግሞ በገጽ መቸርቸር ነው ማስተማር?» ብዬ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። «በዚሁ አዋጅ ተቀጣሪ በሥራው ላይ ያዘጋጀው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ነው።»

እንግዲህ ስንት ዘመን የመንግሥት ፍየል ስጠብቅ ኖሬአለሁ! «ቢሆንም በ1984 ይህ አዋጅ አልነበረም፤ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው» ሲል ጨመረልኝ። በሦስት እግሯ ሁለት ሕግ ላይ እንዴት ትቁም?

እውነቱን ካወጣሁት፣ አራቱን ፍየሎች እኔም ከመማሪያ መጽሐፍ ነው የገለበጥኳቸው። የመጽሐፉን ስም መጻፌንም እንጃ። ባለ ሦስት እግሯ ግን የራሴ ናት።

ስለዚህ ወረቀቷ የደረሳችሁ መምህራን፣ አባዙ፣ አስተምሩባት። ስሜ ቢጠፋባችሁ «ከአንድ የኮልፌ መምህር» በሉ። እግር ግን እንዳትቀጥሉላት።