«ለአንድ ጊዜ ብቻ»፣ ለሦስተኛ ጊዜ

ለአሜሪካ ኮንግረስ
ዋሽንግተን

ጉዳዩ፦ ጡረተኛ ጄኔራሎችን የሚመለከተውን ሕግ ራሱን በጡረታ ስለማሰናበት

ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ፣ የጦር መኮንን የነበረ ሰው ከሠራዊቱ ከተሰናበተ 10 ዓመት ሳይሞላው የመከላከያ ሚኒስትር እንዳይሆን መከልከሉ፣ በ2008 ደግሞ ጊዜውን ወደ 7 ዓመት ማሳጠሩ ይታወቃል። የክልከላው መነሻ የሲቪል የበላይነት የሚባለው መርሕ ሲሆን፣ ይኸውም ጠመንጃ የያዘው ወገን ሕዝብ በመረጠውና ጠመንጃ ባልያዘው ባለሥልጣን ሥር ይደር ማለት ነው፤ መለዮውን ትናንት ያወለቀ ጄኔራል ዛሬ የቀድሞ ጓዶቹን በሚኒስትርነት ቢመራ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደሆነ መለየት ስለሚያስቸግር፣ ሕግ አውጪው በመካከሉ የዓመታት አጥር አቆመ። ኮንግረሱ አጥሩን በማቆሙ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ለሚያንኳኳ ሁሉ በመክፈቱም እንግዳ ተቀባይነቱ አይካድም።

መጀመሪያ ያንኳኩት ጄኔራል ጆርጅ ማርሻል ነበሩ። ኮንግረሱ በ1950 ሲፈቅድላቸው፣ ፈቃዱ ወደፊት ወታደሮችን በዚህ ወንበር ላይ ለመሾም እንደ ይሁንታ እንዳይቆጠር በዚያው ሕግ ውስጥ አስፍሯል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ተረት ለኖቤል የሰላም ተሸላሚው ማርሻል የሚመጥን ባይሆንም ቀዳዳው ግን ያው ቀዳዳ ነውና፣ በ2017 ጄምስ ማቲስ፣ በ2021 ደግሞ ሎይድ ኦስቲን በዚያው አልፈዋል።

አጥሩ እንደማይይዝ የኦስቲን የሕይወት ታሪክ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። በአላባማ ተወልደው በጆርጂያዋ ቶማስቪል ያደጉት እኚህ ሰው፣ በ1975 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመርቀው 41 ዓመት አገልግለዋል፤ በ2003 ወደ ባግዳድ በገሰገሰው ክፍለ ጦር ውስጥ ምክትል አዛዥ፣ በ2011 ጦሩ ከኢራቅ ሲወጣ ደግሞ የበላይ አዛዥ ስለነበሩ፣ ያንን ጦርነት በመግቢያውም በመውጫውም ያውቁታል። ከ2013 ጀምሮ መካከለኛውን ምሥራቅ የሚሸፍነውን የማዕከላዊ ዕዝ የመሩ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። በሴፕቴምበር 2015 ሴኔት ፊት ቀርበው፣ 500 ሚሊዮን ዶላር በተመደበለት ፕሮግራም ከሠለጠኑት ሶርያውያን መካከል በውጊያ ላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ ሲጠየቁ፣ አራት ወይም አምስት ሲሉ መለሱ። ቁጥሩን አለመደበቃቸው የሚያስመሰግናቸው ሲሆን፣ «በጣት የሚቆጠሩ» የሚለው አነጋገርም ያን ዕለት ያለ ግነት ሠርቷል፤ አንድ እጅ በቂ ነበር።

በ2016 ጡረታ ወጡ። ጡረታ በሌላው ዓለም ቤት መዋል ነው፤ በዋሽንግተን ግን በገዢው በር ወጥቶ በሻጩ በር መመለስ ስለሆነ፣ ጄኔራሉ ከጊዜ በኋላ ሬይቴዎን ቴክኖሎጂስ በተባለው የጦር መሣሪያ አምራች ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ ውስጥ ተቀመጡ። አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2021፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ326 ድምፅ ለ78፣ ሴኔቱም በ69 ለ27፣ ሁለቱም በአንድ ቀን አጥሩን አነሡላቸው፤ በማግስቱም ሹመታቸው በ93 ለ2 ጸደቀ። በጃንዋሪ 2024 ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ዋይት ሐውስ ነገሩን የሰማው በአራተኛው ቀን ነው፤ ሕመም የማንም ዕጣ በመሆኑ መዘባበቻ ባይሆንም፣ እርሳቸውም ይቅርታ ቢጠይቁም፣ የሠራዊቱ ሲቪል ጠቅላይ አዛዥ ሚኒስትራቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ ሦስት ቀን ማሳለፋቸው ለሲቪል የበላይነት ጥሩ ማብራሪያ አይሆንም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የኮንግረሱ ተግባር ነው። በጃንዋሪ የ7 ዓመቱን ሕግ በአንድ ቀን የተሻገረው ይኸው ኮንግረስ፣ በዚያው በ2021፣ በዲሴምበር፣ ለጄኔራሎች ጊዜውን መልሶ 10 ዓመት አደረገው፤ 7 ያልያዘውን 10 ይይዘዋል በሚል ተስፋ መሆን አለበት።

ስለሆነም ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ እሺ ያለው ይህ ሕግ፣ ከ70 ዓመት በላይ ያገለገለ በመሆኑ፣ በክብር በጡረታ እንዲሰናበት ኮንግረሱ በትሕትና ይጠየቃል፤ ከተሰናበተ በኋላ ግን 10 ዓመት ሳይሞላው ወደ ሥራ እንዳይመለስ።