አዋጅ ቁጥር 902፦ የጨለማ ክፍል መብራትን ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከኢስትሊ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ጀርባ ከተቋቋመው የጊዜያዊ ጨለማ አስተዳደር፤ ከሦስት ሳህን ኬሚካልና ከአንድ ማጉያ ማሽን የበላይ አዛዥ፤ በናይሮቢ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጃችሁ ለምታጥቡ ሁሉ።

የዚህ ከተማ ልጅ የፕሪያ ራምራካ ኔጋቲቮች፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ናይጄሪያ ውስጥ የቢያፍራን ጦርነት ሲዘግብ ከተገደለ በኋላ፣ ለዓመታት ናይሮቢ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው ደህና መገኘታቸው የኔጋቲቭን ትዕግሥት ያስመሰከረ በመሆኑ፤ የፎቶ ወረቀት ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያልፈጠረበት በመሆኑ፤ ደጃችን ላይ ቀይ አምፖል ያዩ ጎረቤቶችም ቤቱን ሌላ ቤት አድርገው ማማት በመጀመራቸው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ቀይ የሆነ ሁሉ ደህና ነው የሚለው እምነት ተሽሯል። ከማታቱ የተነቀለ የፍሬን መብራት ሽፋንና ከስጦታ መጠቅለያ የተቀደደ ቀይ ሴሎፎን ከሥልጣን ተነስተዋል። ለዓይን ቀይ የመሰለው ሰማያዊና አረንጓዴ ሊያሾልክ ይችላልና። ተራው ወረቀት የሚፈራው በተለይ ሰማያዊን ነው፤ መልቲግሬድ ግን ንፅፅሩ የሚቀየረው በአረንጓዴም ስለሆነ ሁለቱም ሊዘጉለት ይገባል። በመሆኑም የኢልፎርድ 902 ወይም የኮዳክ ኦሲ ፊልተሮች ተሹመዋል። ጥቁሩ ቀይ፣ 906፣ ሹመቱ ለኦርቶ ፊልም ነው። ለወረቀት ያበራው አይታሰርም፤ ነገር ግን ሳህን ውስጥ የሚወጣውን ፎቶ በዳበሳ ለሚመዝን ሰው ይህ አስተዳደር ሜዳሊያ አይሰጥም።

አንቀጽ 2። አምፖሉ 15 ዋት፣ ርቀቱ ከወረቀቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን። ከአዲስ አበባ የሚጠመዘዝ አምፖል በሻንጣ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ እዚህ ብዙው ሶኬት ባለ ፒን መሆኑን አውቃችሁ በጊዜ ንስሐ ግቡ። «ጨለመብኝ» ብሎ 60 ዋት የሰካ ሹም ወዲያውኑ ወደ ፊክሰር ሳህን ይዛወራል።

አንቀጽ 3። «እኔ ስንት ዓመት ስሠራ ምንም አልሆነብኝም፤ ባዶ ወረቀት ከመብራቱ ሥር አስቀምጬ አጠብኩት፣ ነጭ ሆኖ ወጣ» የምትሉ ጋሼዎች ሆይ፣ ማስረጃችሁ ውድቅ ሆኗል። ባዶ ወረቀት ጥቂት ብርሃን ውጦ ዝም ይላል። ከማጉያው ብርሃን የቀመሰ ወረቀት ግን ያችኑ ጥቂት ከቀድሞው ላይ ይደምራታል። የመጀመሪያዋ ተጎጂም ፎቶው ላይ ያለችው የእናታችሁ ነጠላ ናት፤ የጥበቡ ክር ይጠፋል፣ ነጩ የታጠበ አመድ ይመስላል፣ እናንተም ጥፋቱን በዴቨሎፐሩ ላይ ታላክካላችሁ።

ስለዚህ መብራቱ ለፍርድ ይቅረብ። ሁሉንም አጥፍታችሁ፣ ወረቀቱ ሲታጠብ ስስ ግራጫ እንዲወጣው በማጉያው በጥቂቱ አብሩበት። ከዚያ አንበሳ ያለበትን የ10 ሽልንግ ሳንቲም ላዩ ላይ አኑሩ። መብራቱን አብርታችሁ ሥራ ከሚወስድባችሁ ጊዜ አስረዝማችሁ አቆዩት፤ ከዚያ አጥፍታችሁ በጨለማ እጠቡ። የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ ጥፋተኛ ነው። ይግባኝ የለም። ፊልተር በእድሜ ብዛት ስለሚደበዝዝ፣ ከአያት የተወረሰም ቢሆን ችሎት ይቆማል።

አንቀጽ 4። ፓንክሮማቲክ ፊልም ታንክ ውስጥ የሚጭን ሰው ማንኛውም መብራት ተከልክሎበታል። ይህ ክልከላ ስቲማ (መብራት) በጠፋ ቁጥር በራሱ ጊዜ ይከበራል፤ በመላው ከተማ ያለምንም ተቃውሞ የሚፈጸም ብቸኛ አንቀጻችንም እሱ ነው።

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ጋዜጣ ስለሌለን በሩ ላይ ለጥፈነዋል። ለማንበብ ብላችሁ በሩን እንዳትከፍቱት፤ የፎቶ ወረቀት ከማሸጊያው ወጥቷል።